እንጦጦ ላይ ያለው መነጽር የማን ነው?

ከስድስት ኪሎ ግቢ በር ላይ ቆመን ወደ ሰሜን ቀና ብንል እንጦጦ ይታየናል። በየቀኑ የሚታይ ነገር ግን ልብ የሚለው የለም። ጧት ወደ ክፍል ስንሮጥ፣ ማታም ከቤተ መጻሕፍት ስንወጣ ጋራው ከዚያው ከቦታው አለ፤ በራሱ ላይ ምን እንዳለ የሚጠይቅ ግን ከመካከላችን ጥቂት ነው። ማርያም አለች፣ ራጉኤል አለ፣ የምኒልክ ቤተ መንግሥት አለ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ታላቁ መናፈሻ ተከፍቷል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ከዚህ ሌላ በዚሁ ጋራ ላይ፣ ከባሕር ወለል 3,200 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ የመስተዋታቸው ስፋት አንዳንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች በሁለት ጉልላት ሥር ተተክለዋል። ስሙ የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ነው። የተመረቀው በ2007 ዓ.ም. ሲሆን፣ ነገሩን አስበው የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2004 የኢትዮጵያን ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ የመሠረቱት ሰዎች ናቸው፤ ገንዘቡም በአብዛኛው የተገኘው ከሼክ መሐመድ አል አሙዲ ነው።

ጓደኞቻችን ሆይ፣ እስቲ እንጠያየቅ። በቴሌስኮፕ አንድ ጊዜ እንኳ ሰማይን ያየ ከመካከላችን ማን ነው? እኛ በአንድ መኝታ ክፍል የምናድር ስድስት ተማሪዎች ነን፤ እስከ ኅዳር 2017 ዓ.ም. ድረስ ከስድስታችን አንዳችንም አላየንም ነበር። ሁለቱ የፊዚክስ ተማሪዎች ናቸው። የጁፒተርን ጨረቃዎች ዙረት በወረቀት አስልተው ጥሩ ማርክ አግኝተዋል፤ ጁፒተር በዚያ ምሽት በየት በኩል ትወጣለች ቢባሉ ግን መልስ አልነበራቸውም። ይህን የምንጽፈው ለነቀፋ አይደለም፤ ጽሑፉን አብረውን የጻፉት እነርሱው ናቸውና።

የምንለው አጭር ነው። እንጦጦ ላይ ያለው የከዋክብት መመልከቻ የሊቃውንት ብቻ ሆኖ እንዳይቀር፣ ማንም ሰው በእግሩ ወጥቶ ሰማይን የሚያይበት የታወቀ ምሽት ሊኖረው ይገባል። ያንን ምሽት ጠይቀን የማስጀመሩም ዕዳ ከማንም በፊት ያለው ከጋራው ሥር በምንኖረው በእኛ ላይ ነው።

መንገዱ ቀላል ነው። ይህን ስንል ከሰመራና ከጋምቤላ የመጡ ወዳጆቻችን እንደሚቆጡን እናውቃለን። ከስድስት ኪሎ እስከ ጋራው ራስ ያለው አቀበት 700 ሜትር ያህል ነው፤ አየሩም እየሳሳ ስለሚሄድ ቆላ ያደገ ሰው ደረቱ መጥበቡ አይቀርም። ሆኖም ገደል የለበትም፣ ገመድ አይጠይቅም፣ መንገድ መሪም አያሻውም። ሯጮቻችን በማለዳ እየሮጡ የሚወጡትን ጋራ እኛ እያወጋን፣ እየተቀመጥንም፣ በሁለት ሰዓት ተኩል ወጥተነዋል። ከመካከላችን አንዱ በነጠላ ጫማ ነበር የመጣው፤ አንመክርም እንጂ እርሱም ደርሷል።

የወጣነው ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፤ ዘጠኝ ነበርን። ቀኑ ቅዳሜ ነበር፤ ደግሞም ኅዳር ጽዮን። የመረጥነው ግን ለበዓሉ ብለን ሳይሆን፣ አዲሲቱ ጨረቃ በማግስቱ የምትወለድ በመሆኗ ሌሊቱ ጨለማ እንደሚሆን አስልተን ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ከየካቲት 12 ሐውልት ሥር ተነሣን። የአሜሪካን ኤምባሲ አጥር አልፈን ሽሮ ሜዳ ስንደርስ ለበዓሉ የሀገር ልብስ የሚገዛው ሰው መንገዱን ሞልቶት ነበር። ከሽሮ ሜዳ በላይ ቤቱ እያነሰ፣ ባሕር ዛፉ እየበዛ፣ መንገዱም እየተጠማዘዘ ይሄዳል። እዚያ ላይ የከተማው ጩኸት አንድ ጊዜ ዝም ይላል። ለፈተና ስናጠና ከምንፈልገው ጸጥታ የበለጠ ጸጥታ በእግር መንገድ ሩቅ ሳይሆን ተቀምጦ ይጠብቀን ኖሯል።

ከአንዱ ጥምዝ ላይ ማገዶ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች አገኘን። የእንጦጦ ማገዶ ተሸካሚ ሴት ምን እንደምትመስል አዲስ አበባ የኖረ ሁሉ ያውቃል፤ ሸክሙ ከእርሷ ይረዝማል፣ ጎንበስ ብላ ስለምትሄድም የምታየው መሬት መሬቱን ነው። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ሸክማቸውን ከድንጋይ ካብ ላይ አስደግፈው ሲያርፉ ሰላም አልናቸው።

«ልጆቼ፣ በዚህ ምሽት ወዴት ትወጣላችሁ?» አሉን።

«ኮከብ ልናይ ነው፣ እማማ።»

ሳቁ። «ኮከብ ከደጃችሁ አጥታችሁ ነው?»

እኛም ሳቅን፤ ትንሽ ከሄድን በኋላ ግን አንዱ ጓደኛችን «እውነታቸውን እኮ ነው፤ ከደጃችን አጥተናል» አለ። እውነትም ከስድስት ኪሎ ግቢ ሆነን በጠራ ሌሊት ከዋክብትን ብንቆጥር ቁጥሩ ብዙ አያደክመንም። ፍኖተ ሐሊብ የሚባለውን ነጭ የሰማይ ጎዳና ከግቢያችን ሆኖ አየሁ የሚል ተማሪ ቢገኝ እኛ አናምነውም። አባቶቻችን ሌሊት ከቤት ሲወጡ የሚያዩትን እኛ ለማየት ጋራ መውጣት አለብን ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ይህች ከተማ የወረደችው ከዚሁ ጋራ ላይ ነው። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የተቀቡት በእንጦጦ ማርያም ነበር። ሕዝቡ ግን ብርዱንና የማገዶውን ማጣት ሸሽቶ ወደ ፍል ውሃው ወረደ፤ አዲስ አበባም ከታች ሆና ቀረች። ከዚያ ወዲህ ወደ እንጦጦ የሚወጣው ወይ ለመሳለም፣ ወይ ለማገዶ፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህም ለመናፈስ ነው። ሦስቱም መልካም ምክንያቶች ናቸው። ሦስቱም ግን በቀን የሚሠሩ ናቸው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ሁሉም ይወርዳል። ጋራው ባዶ የሚሆነው ሰማዩ በሚከፈትበት ሰዓት ነው።

ከማርያም አልፈን ከጋራው ጫፍ ላይ አንድ ገላጣ ሥፍራ አግኝተን ተቀመጥን። ወደ መመልከቻው በር አልሄድንም፤ የዚያን ቀን የሄድንበት ጉዳይ መንገዱን ለመለካትና በገዛ ዐይናችን ምን ሊታይ እንደሚችል ለማወቅ ነበር። ይዘን የወጣነውም አንዱ ጓደኛችን ከአጎቱ የተዋሰውን፣ የፊት መስተዋቱ ስፋት 7 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ሦስት እግር ያለው ትንሽ ቴሌስኮፕ ነው። ከሦስቱ እግሮች አንዱ ይንሸራተት ስለነበር በሽቦ አስረነዋል።

ፀሐይ ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ጠለቀች። በእኛ ሀገር ምሽት ቶሎ ይመጣል፤ ከመጥለቋ አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ሲቆይ ሰማዩ ፍጹም ጨለመ። አስቀድማ የታየችው በደቡብ ምዕራብ በኩል ቬኑስ ናት፤ ንጋት ላይ ስትወጣ አጥቢያ ኮከብ የምንላት ራሷ ናት። ቀጥሎም ከራሳችን በላይ ሳተርን ታየች። የሳተርን ቀለበት በመጽሐፍ ላይ እንዳለው ሰፊ አልነበረም፤ በዚያ ዓመት ቀለበቱ በጠርዙ ወደ ምድር እየዞረ ስለነበር በኳሷ ላይ የተሰካ መርፌ ይመስል ነበር። እንዲህ የሚሆነው በየ15 ዓመቱ ገደማ ነው። ከዘጠኛችን አንዲቱ፣ የሕግ ተማሪ ናት፣ ዐይኗን ከመነጽሩ ላይ ሳታነሣ «ሥዕል አይደለም ወይ? ከውስጡ የተለጠፈ ሥዕል አይደለም?» ብላ ሦስት ጊዜ ጠየቀች። እኛም ጠርጥረን ነበርና ቴሌስኮፑን ወደ ጎን ገፋ አድርገን እንደገና ፈለግናት፤ ከዚያው ከሰማይዋ ላይ ነበረች።

በስተ ምሥራቅ ሰባቱ ከዋክብት ወጥተው ነበር፤ ከእነርሱ በታች ጁፒተር መጣች፣ በሀገራችን የቆየ የፈለክ ትምህርት መሽተሪ የምትባለው ናት። አራቱን ጨረቃዎቿን በዚያች በሽቦ በታሰረች ቴሌስኮፕ አየናቸው፤ ከጎንና ከጎኗ በአንድ መስመር የተሰደሩ ነጠብጣቦች ናቸው። ጋሊሊዮ በ1610 ያያቸው የእኛን ያህል እንኳ ስፋት ባልነበረው መነጽር ነው። ሁለቱ የፊዚክስ ተማሪዎች ዝም ብለው ቆዩ። በኋላ አንደኛው «ማርኬን መመለስ አለብኝ» አለ።

የዚያን ምሽት መምህራችን ግን የፊዚክስ ተማሪ አልነበረም። ከያቤሎ የመጣ የጂኦሎጂ ተማሪ ጓደኛችን ነው። ቦረናዎች የወራታቸውን መቁጠሪያ ከጨረቃና ከተለዩ ከዋክብት መገናኘት እንደሚያወጡ፣ ይህንንም የሚያውቁት ሰዎች አያንቱ እንደሚባሉ፣ ከአያቱ የሰማውን ነገረን። ሰባቱን ከዋክብት በእጁ እያሳየ በቋንቋቸው «ቡሳን» ይሏቸዋል አለ፤ ከእነርሱ ቀጥሎ የትኛው፣ ከዚያም የትኛው ከጨረቃ ጋር እንደሚቆጠር ተራቸውን ተናገረ። ይህ ልጅ ሦስት ዓመት አብሮን ተምሯል። እንዲህ ያለ ነገር እንደሚያውቅ ከዚያ ምሽት በፊት የጠየቀው አልነበረም፤ እርሱም «ከትምህርት የሚቆጠር መስሎኝ አያውቅም» አለን።

ሰሜኑ ደግሞ ሌላ ነው። ከእንጦጦ ጫፍ ላይ ሆኖ ወደ ሱሉልታ የሚያይ ሰው የሰሜኑን ኮከብ ከአድማስ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ያገኘዋል፤ አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ በሰሜን ስለሆነች ነው። አውሮፓ ውስጥ ያሉ ሰዎች ይህን ኮከብ ከፍ ብሎ ያዩታል፤ በደቡብ በኩል ያለውን የመስቀል ኮከብ ግን ከሀገራቸው ሆነው ከቶ አያዩትም። እኛ ሁለቱንም እናያለን። በሚያዝያ መጨረሻ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ደመና ካላስቸገረ፣ በደቡብ የመስቀሉን ኮከብ፣ በሰሜንም ትልቁን ድብ የሚሉትን ሰባት ኮከብ ከአንድ ሥፍራ ቆሞ ዘወር እያሉ መመልከት ይቻላል። ለምድር ወገብ የቀረበ ከፍ ያለ ጋራ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ደረቅ የሆነ ሌሊት፤ ይህ ሁሉ በዩኒቨርሲቲ በር ላይ ያለው ሰው ዓለምን ቢፈልግ ስንት ቦታ ያገኛል?

በዚያው በሰሜን በኩል ደግሞ ሴፊየስ፣ ካሲዮፔያና አንድሮሜዳ የሚባሉት የከዋክብት ስብስቦች ነበሩ። በግሪኮች ተረት እነዚህ የኢትዮጵያ ንጉሥ፣ ንግሥትና ልጃቸው ናቸው። የጥንት ግሪኮች ኢትዮጵያ ይሉት የነበረው ከግብፅ በታች ያለውን የጥቁር ሕዝብ ሀገር ሁሉ ስለሆነ በዚህ ብዙ አንኩራራም። ቢሆንም የዓለም የፈለክ ሊቃውንት ሁሉ በየሌሊቱ ስሟን የሚጠሯትን ልጅ እኛ የት እንዳለች አለማወቃችን ትንሽ ያሳፍራል።

አሁን ወደ ተቃውሞው እንሂድ፤ ይህን ሐሳብ በምግብ ቤት ስናነሣ ተቃውሞ አላጣንምና። የመጀመሪያው የታወቀው ነው፤ «ሕዝብ ዳቦ ባጣበት ሀገር ኮከብ መቁጠር ቅንጦት ነው» ይላል። ይህን የሚሉ ጓደኞቻችን ከልባቸው ስለሚሉት እናከብራቸዋለን። በ1957 ዓ.ም. ከዚህ ዩኒቨርሲቲ «መሬት ለአራሹ» እያሉ የወጡት ታላላቆቻችንም የዳቦን ነገር አስቀድመዋል፤ ደግም አድርገዋል። ነገር ግን መነጽሩ ተሠርቶ ቆሟል። ጥያቄው እንግዲህ ገንዘቡ ይውጣ ወይስ አይውጣ የሚለው አይደለም፤ የወጣው ገንዘብ ለማን ይጥቀም የሚለው ነው። ዳቦ ያጣው ሕዝብ ከታች ሆኖ ሲቀር ጥቂቶች ብቻ ከላይ ሆነው የሚያዩበት ከሆነ ያን ጊዜ በእርግጥ ቅንጦት ይሆናል። ቅንጦት የሚያደርገው ኮከቡ ሳይሆን በሩ ነው።

ደግሞስ የሰማይ ዕውቀት ከመቼ ወዲህ ነው የጠገበ ሰው ጨዋታ የሆነው? የሀገራችን ገበሬ ጾሙንና በዓሉን የሚያውቀው በባሕረ ሐሳብ ነው፤ አበቅቴና መጥቅዕ የምንላቸው የፀሐይና የጨረቃ ሒሳብ ናቸው፤ 19 ዓመት የሚዞረው ንዑስ ቀመርም እንዲሁ። ሙሉው በግዕዝ ብቻ ተጠብቆ የቆየው መጽሐፈ ሄኖክ የብርሃናትን አካሄድ የሚናገር ሰፊ ክፍል አለው። የቦረናውን አስቀድመን ተናግረናል። ይህን ሁሉ ያቆዩልን ከዳቦ የተረፋቸው ሰዎች አልነበሩም። ከዘመናዊውም ወገን ብናይ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የተወነጨፈችው የመጀመሪያዪቱ ሳተላይታችን፣ ክብደቷ 70 ኪሎ ገደማ የሆነው፣ የተላከችው መሬትን፣ ውሃንና አዝመራን ከላይ ሆና ለማየት ነው፤ መረጃዋን የሚቀበለው ጣቢያም የተሠራው እንጦጦ ላይ ነው። እዚያ ጋራ ላይ የሚሠራው ሥራ ከእርሻ የራቀ አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከአራት ኪሎ የሳይንስ ወዳጆቻችን የመጣ ነው፤ የከበደንም ይህ ነው። «አንድ ሜትር መስተዋት ያለው ቴሌስኮፕ የምርምር መሣሪያ እንጂ የገበያ መስታወት አይደለም፤ ሰው ሲጋፋበት ምርምሩ ይቆማል፤ በእጅ ባትሪና በትንፋሽ ሌሊቱ ይበላሻል» ይላሉ። ልክ ናቸው። አንዲት የጠራች ጨለማ ሌሊት ለተመራማሪ ውድ ናት፤ ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ሰማዩን ሲዘጋው የቀረውን ሌሊት መሻማት አይገባም። እኛም የምንለው ሕዝብ ትልቁን ይያዝ አይደለም። የጁፒተርን ጨረቃዎች፣ የሳተርንን ቀለበት፣ የጨረቃችንን ገደሎች፣ በኦሪዮን ሰይፍ ላይ ያለውን ደመና ለማየት 15 ወይም 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቴሌስኮፕ ከበቂ በላይ ነው። ሁለት እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች በግቢ ተተክለው፣ የፊዚክስ ተማሪዎች በተራ እየቆሙ ለመጣው ሰው ቢያሳዩ፣ በጉልላቱ ሥር ያለው ሊቅ መኖራችንን እንኳ ሳያውቅ ሥራውን ይሠራል። ተማሪውም የተማረውን ለሽሮ ሜዳ ሕፃን በአማርኛ ማስረዳት ሲኖርበት ገብቶት እንደሆነና እንዳልሆነ ያን ጊዜ ይታወቃል። ከፈተና የበለጠ ፈተና ነው።

ይህ ሕልም አይደለም፤ ሌላ ሀገር ተሠርቶበታል። በካሊፎርኒያ፣ ሎስ አንጀለስ ከተማ፣ ከጋራ ወገብ ላይ የግሪፊዝ ኦብዘርቫቶሪ አለ። ከመናፈሻው በታች ተነሥቶ በእግር የሚያስወጣ ቀላል መንገድ አለው፤ አንድ ሰዓት አይፈጅም። ስሙን የሰጠው ባለጠጋ፣ ግሪፊዝ ግሪፊዝ፣ ደግ ሰው ነበር ማለት አንችልም፤ ሚስቱን በጥይት መትቶ በወህኒ ኖሯል፤ በ1912 ለመመልከቻው የሚሆን ገንዘብ ልስጥ ሲል እንኳ ከተማው አልተቀበለውም። ነገር ግን በዊልሰን ተራራ ላይ ባለው ትልቅ ቴሌስኮፕ አንድ ጊዜ ሰማይን አይቶ ነበርና፣ ተራው ሰው ሁሉ ያየሁትን ይይ የሚለው ሐሳብ አልለቀቀውም። በ1919 ሲሞት ገንዘቡን በኑዛዜ ተወ። መመልከቻው በግንቦት 1935፣ በእኛ በ1927 ዓ.ም.፣ ተከፈተ፤ እኛ ለጦርነት የምንሰናዳበት ወራት ነበር። መግቢያው ያን ጊዜም አሁንም ነጻ ነው። 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ቴሌስኮፑ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው ዐይኑን አኑሮ አይቷል። በዚያው ከተማ ትንሿ ኢትዮጵያ በሚባለው ሠፈር የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆቻቸውን በዕረፍት ቀን ይዘው ሊወጡ ይችላሉ፤ የሽሮ ሜዳ ልጅ ለእንጦጦ ያለው ቅርበት ግን ከእነርሱ ይበልጣል።

ከሎስ አንጀለስ የምንማረው ሌላም ነገር አለ። ያች ከተማ በመብራት የተጥለቀለቀች ናት፤ ሰዉ ግን ጨረቃንና ፈለኮችን እስከ ዛሬ ያያል። ስለዚህ «የአዲስ አበባ መብራት ሰማዩን ገድሎታል፤ ጊዜው አልፏል» የሚለውን ተስፋ መቁረጥ አንቀበልም። ይሁን እንጂ መብራቱን ዝም ብለንም አናልፈውም። በዚያ ምሽት ወደ ደቡብ ስናይ ከተማው ከዳር እስከ ዳር ሲያበራ ውብ ነበር፤ ከበላዩ ያለው ሰማይ ግን ግራጫ ሆኖ እስከ ሰማዩ እኩሌታ ድረስ ኮከቡን ውጦታል። መብራት አንጠላም፤ በጨለማ መንገድ የሚመለስ ተማሪ መብራትን አይጠላም። የምንለው አምፖሉ ከላይ ክዳን ይኑረውና ብርሃኑን ወደ እግራችን ያውርድ ነው፤ ወደ ላይ የሚሄደው ብርሃን ለማንም አያበራም፤ ሒሳቡን ግን እኛው እንከፍላለን። በጋራው ላይ በመናፈሻው ውስጥ የሚተከለው መብራትማ ከሁሉ በፊት ሊታሰብበት ይገባል። በአሪዞና የምትገኘው ፍላግስታፍ የተባለች ትንሽ ከተማ በጋራዋ ላይ ላለው መመልከቻ ብላ ስለ መብራት ሕግ ያወጣችው በ1958 ነው። ሀብታም ስለነበረች አይደለም፤ ክዳን ውድ ነገር አይደለምና።

እኅቶቻችን ደግሞ «እናንተ በእግር ውጡ ስትሉ ለእኛ ሌሊቱን ማን ይጠብቅልናል?» ብለውናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መውጣቱ በቀን፣ በብዙ ሆኖ ነው፤ መውረዱ ግን በእግር አይሁን። ጅቡንም ሆነ ከጅብ የባሰውን መንገደኛ መፈተን ጀግንነት አይደለም። እኛ ገንዘብ አዋጥተን አንድ ሚኒባስ ከምሽቱ 3 ሰዓት ማርያም ደጅ እንዲጠብቀን ተስማምተን ነበር፤ መጣም፣ የግቢው በር ሳይዘጋም ገባን። ከዘጠኛችን ሦስቱ ሴቶች ነበሩ፤ ሦስቱም ድጋሚ እንሄዳለን ብለዋል። የተማሪዎች ኅብረታችን በየወሩ አንድ ጊዜ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ብቻ፣ የዩኒቨርሲቲውን አውቶቡስ ለመመለሻ ቢጠይቅልን ነገሩ ይቃለላል። ለኳስ ውድድር ተጠይቆ ተሰጥቶ ያውቃል፤ ለኳስ የተሰጠ ለኮከብ የሚከለከልበት ምክንያት አይታየንም።

ስለዚህም ይህን ጽሑፍ ከማሳተማችን በፊት ለኅብረቱ ሥራ አስኪያጆች አንድ ደብዳቤ አስገብተናል። የጠየቅነው ኅብረቱ ከመመልከቻው ኃላፊዎች ጋር ተነጋግሮ የወሩን አንድ የታወቀ ምሽት እንዲያስቀጥር፣ ያም ምሽት ለተማሪ ብቻ ሳይሆን በእግሩ ለወጣ ሰው ሁሉ፣ ለማገዶ ተሸካሚዋና ለልጇም ጭምር እንዲሆን ነው። ከአራት ኪሎ አሥራ አንድ የፊዚክስ ተማሪዎች ለማሳየትና ለማስረዳት ስማቸውን ሰጥተዋል። መልሱ እስኪመጣ ድረስ እኛ ትንሿን ቴሌስኮፕ ይዘን መውጣታችንን አናቋርጥም፤ እግሯም አሁን በብሎን ታስሯል።

የሚቀጥለው ጉዞ ጨረቃ በማትታይበት ቅዳሜ ነው፤ ቀኑ በምግብ ቤቱ በር ላይ ይለጠፋል። መነሻው ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ከየካቲት 12 ሐውልት ሥር። የሚመጣ ሰው ጋቢ፣ ውሃና ዳቦ ይያዝ፤ የእጅ ባትሪ ያለው መስተዋቱን በቀይ ላስቲክ ይሸፍን፤ ነጭ ብርሃን የጨለማ ዐይንን ሩብ ሰዓት ያህል ያሳውራል። በነጠላ ጫማ የሚመጣ ግን በራሱ ኃላፊነት ነው።